ለአባባ ዓይን የላክሁት ገንዘብ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
በወርኃ ኅዳር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? አባባ፣ እማማ፣ ሚሚ፣ እነ እትዬ፣ ጎረቤቱ በሙሉ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን በዚሁ ላሳጥረው፤ ካስረዘምሁት ልቤ ይራራና የምለውን ሳልል እቀራለሁ።

ለአባባ ዓይን ብዬ በመስከረም የላክሁት ገንዘብ የት እንደገባ ሰምቻለሁ። ማን ነገራት እያልህ ሰው አትጠርጥር። «ሐኪሙ ቀጠሮ አራዘመ» ስትለኝ አምኜህ ነበር። ለካ ሐኪሙ ምንም አላራዘመም፤ ገንዘቡ ነው በስልክህ በኩል ሄዶ «በወር እጥፍ ይሆናል» ከሚሉት ዘንድ የተቀመጠው። ደውዬ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ገና አፌን ስከፍት አንተ «ድምፅሽ ይቆራረጣል» ትላለህ፣ እኔም ንዴቴ ይመጣል። አባባ ደግሞ ከድሮም በስልክ የሚነገር ወሬ ነው፣ ቁም ነገር ይጻፋል ባይ ነው። ይኸው ጻፍሁ። ለበዓሉና ለሚሚ ሠርግ ወደ ደሴ የምትመጣ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ በእጇ ታደርስልሃለች።

እንዲህ አድርግ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለአባባ ጮክ ብለህ አንብብለት። ስለ እኛ ገንዘብ አንድም ቃል የለበትም፤ አላጋልጥህም። የታሪክ ነገር ነው፣ እሱ ደስ ይለዋል፤ አንተ ደግሞ እያነበብህ ትሰማለህ። የት ላይ እንደምታቆም ጽፌልሃለሁ።

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ዓይንዎ እንዴት ነው? ፀሐይ ሲበረታ ያስቸግርዎታል አሉኝ፤ ባርኔጣዎን ሳያደርጉ አይውጡ። ቀዶ ጥገናውን አይፍሩት። ዛሬ ሞራውን በአጭር ጊዜ ነው የሚያወጡት፤ ጠዋት ገብተው ማታ ቤትዎ ያድራሉ።

«ጠፋች» ብለው አዝነውብኛል አሉ። ማታ ማታ ኮሌጅ እንደምማር ሚሚ ነግራዎታለች። በዚህ ሴሚስተር የአሜሪካን ታሪክ ይዣለሁ፤ የጽሑፍ ሥራ ሲከፋፈል የደረሰኝ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በፊት የነበረው ዐሥር ዓመት ነው። ጠፍቼ የከረምሁት እሱ ውስጥ ነው። እርስዎ ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት ሲያስተምሩን አሜሪካን በሁለት ክፍለ ጊዜ ጨርሰው ወደ ዓድዋ ይመለሱ ነበር። አልፈርድብዎትም። ግን የዘለሉት ብዙ ነው፤ እስቲ ዛሬ ከልጅዎ ይስሙ።

ዘመኑ በፈረንጆች 1920 ይጀምራል፤ በእኛ 1912 ላይ፣ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነት ሳሉ። በዚያ አንድ ዓመት ስንት ነገር ሆነ መሰለዎ! በጃንዋሪ መጠጥ ማምረትና መሸጥ በመላው አገሪቱ ተከለከለ። በኦገስት ሴቶች የመምረጥ መብታቸው በሕገ መንግሥት ጸደቀ። በዚያው ዓመት በተደረገው ቆጠራ የከተማው ሕዝብ ከገጠሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ። በኖቬምበር ደግሞ ፒትስበርግ ያለ አንድ ጣቢያ የፕሬዚዳንት ምርጫውን ውጤት በሬዲዮ አሰማ፤ ዋረን ሃርዲንግ አሸንፎ ነበር። መጠጡ 13 ዓመት ተከልክሎ በ1933 ተፈቀደ። በመካከሉ ጠጪው ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም፤ የከበሩት ደብቀው የሚሸጡት ናቸው።

ሃርዲንግን ሕዝቡ የመረጠው ከጦርነቱ በኋላ ግርግር ሰልችቶት ነው። ችግሩ ወዳጆቹ ናቸው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አልበርት ፎል ለባሕር ኃይል መጠባበቂያ የተከለለ የነዳጅ መሬት ለቱጃሮች በድብቅ አከራየ፤ ከአንደኛው 100,000 ዶላር በጥቁር ቦርሳ ተቀበለ። ብዙ ዓመት ፈጅቶ ተፈርዶበት ገባ፤ በሹመቱ በሠራው ወንጀል የታሰረ የመጀመሪያው የአሜሪካ ካቢኔ አባል እሱ ነው። ሃርዲንግ ግን ይህን ሳያይ በ1923 በድንገት ሞተ። ምክትሉ ካልቪን ኩሊጅ ቬርሞንት ገጠር አባቱ ቤት ተኝቶ ነበር፤ መልእክቱ የደረሰው በሌሊት ነው። አባቱ ውል የማረጋገጥ ሥልጣን ነበራቸው። በኩራዝ ብርሃን የገዛ ልጃቸውን የፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ አስማሉት።

ይቺን ያነበብሁ ለት ሌላ ገጽ መግለጥ አቃተኝ። መብራት ሲጠፋ ኩራዙን መደርደሪያው ላይ አድርገው የተማሪ ደብተር ሲያርሙ፣ ቀዩ እስክሪብቶ ሲያልቅብዎ «ብቻ እንዳትነሺ፣ ተኚ» እያሉ በጨለማ ሲፈልጉ አየሁዎት። እዚህ መብራት አይጠፋም፤ ብዙም አያስደስትም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ኩሊጅ ንግግር አያበዛም፤ መንግሥት ከነጋዴው ላይ እጁን ያንሳ የሚል ሰው ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ አንድሩ ሜለን ራሱ ከአገሩ ዋና ዋና ሀብታሞች አንዱ ሲሆን፣ በከፍተኛ ገቢ ላይ የነበረውን ግብር ከ73 በመቶ ወደ 25 አወረደው። የፎርድ ሞዴል ቲ ሲጀመር 850 ዶላር ነበር፤ በሃያዎቹ አጋማሽ ከ300 በታች ሆነ። በ1920 አገሩ ላይ 8 ሚሊዮን ገደማ የነበረው መኪና በ1929 23 ሚሊዮን ደረሰ። ታዲያ አብዛኛው ገዢ ሙሉውን ቆጥሮ የሚገዛ እንዳይመስልዎ። መኪናውም፣ ሬዲዮውም፣ የልብስ ማጠቢያውም በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ነው። በአያቶቻቸው ዘንድ ዱቤ የሚያሳፍር ነገር ነበር።

ገበሬው ግን ለዚህ ድግስ አልተጠራም። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፓ ስንዴ ሸማች ስለበዛለት ተበድሮ መሬት ገዛ፣ ትራክተር ገዛ። ሰላም ሲወርድ የስንዴው ዋጋ ወደ ግማሽ ወረደ፤ ዕዳው ንቅንቅ አላለም። ምክር ቤቱ ገበሬውን ለመደጎም ያሳለፈውን ሕግ ኩሊጅ በ1927ና በ1928 ሁለት ጊዜ ውድቅ አደረገው። ገበሬው ሲወድቅ የገጠር ባንኩ አብሮት ወደቀ፤ በዚያ የጥጋብ ዘመን ከ5,000 በላይ ባንኮች ተዘግተዋል። ያስቀማጭን ገንዘብ የፌደራል መንግሥቱ ዋስ የሚሆንበት ሥርዓት ገና አልተፈጠረም ነበር። ከሩቅ ግን ይህ አይታይም። ባሕር ማዶ ላለ ሰው አሜሪካ ማለት ፎቁ፣ መኪናውና ሙዚቃው ነው። ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም።

እኛን የሚነካውን ላንሳ። በ1924 የወጣው ሕግ በሩን ዘጋው። ለየአገሩ ኮታ ቆረጠ፤ ስሌቱንም ሆን ብለው በ1890 ቆጠራ ላይ መሠረቱት፤ ጣልያኑ፣ ፖላንዱና አይሁዱ በብዛት ከመግባቱ በፊት ወደነበረው ማለት ነው። ከእስያ የሚመጣው አብዛኛው ተከለከለ። ለጣልያን በዓመት 3,845 ሰው ተፈቀደ። ለኢትዮጵያም ቁጥር ተሰጥቷት ነበር፤ ስንት ይመስልዎታል? 100። ዛሬ እዚህ ሰፈር በአንድ ክርስትና ቤት ከዚያ የበለጠ ሐበሻ ይሰበሰባል። በሚቀጥለው ዓመት ነጭ ቀሚስ የለበሱ፣ ጥቁርንና ስደተኛን የሚጠላው የኩ ክላክስ ክላን ማኅበር አባላት በአሥር ሺዎች ሆነው ዋሽንግተን ላይ ፔንሲልቬኒያ ጎዳናን ሞልተው ተሰለፉ፤ ፊታቸውን እንኳ አልሸፈኑም። በዚያ መንገድ አንዳንዴ በአውቶቡስ አልፋለሁ። ምንም ምልክት የለውም፤ ቱሪስት ፎቶ ይነሳበታል።

ከክላኑ ሰልፍ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ ራስ ተፈሪ የላኳቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ኒውዮርክ መጡ። ጉዳያቸው ጣና ላይ ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ ኩባንያ ማነጋገር ነበር፤ ጄ ጂ ዋይት ከሚባለው ጋር ተደራደሩ። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ እንግሊዝ ስለ ዓባይ ደነገጠች። ግድቡ በዚያ ዘመን አልተሠራም። ሐኪም ወርቅነህ የጥቁሮቹ ሰፈር ሃርለም ድረስ ሄደው ጥቁር ባለሙያዎችን «አገራችን መጥታችሁ ሥሩ» ብለው ጋበዙ። እርስዎ ስለ ሐኪም ወርቅነህ ያስተማሩን ከመቅደላ የመወሰዳቸውን ነገር ነው፤ የሃርለሙን አልነገሩንም። ያውቁት ነበር? መልሱን በወንድሜ እጅ ይጻፉልኝ።

አሁን ደግሞ በጣም የወደድሁትን ላጫውትዎ። ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል የጣልያን ስደተኛ ነበር። በ1920 አንድ ዘዴ አገኘሁ ብሎ ተነሳ። በዓለም አቀፍ ስምምነት የሚሠራ የፖስታ ኩፖን አለ፤ ገንዘቡ በወደቀበት አገር በርካሽ ገዝተህ አሜሪካ ውስጥ በቴምብር ትለውጠዋለህ፤ ልዩነቱ ትርፍ ነው። ቢነገር የሚያሳምን ነገር ነው። ገንዘባችሁን ስጡኝ፣ በ45 ቀን 50 በመቶ፣ በ90 ቀን እጥፍ እመልሳለሁ አለ።

ለመጀመሪያዎቹም ከፈላቸው። በቀኑ፣ ሳያጓድል። ወሬውን የነዙለት እነሱ ናቸው፤ «በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄ ቆጥሬያለሁ» ይላሉ፤ አልዋሹም። ሰዉ መንገዱን አጥለቅልቆ ተሰለፈ። ሥርዓት ሊያስከብሩ የቆሙ ፖሊሶች ሳይቀሩ አስገቡ። ብዙው ሰው ደግሞ ትርፉ ሲደርሰው አልወሰደውም፤ ከነዋናው እዚያው መልሶ አስቀመጠው። እጁ ላይ የቀረው ወረቀት ነው። ቦስተን ፖስት የሚባለው ጋዜጣ መጠየቅ ጀመረ። ክላረንስ ባሮን የሚባል የገንዘብ ጉዳይ ጸሐፊ ቁጭ ብሎ ቢያሰላው፣ ፖንዚ ለሰበሰበው ገንዘብ 160 ሚሊዮን ኩፖን ያስፈልጋል፤ በዓለም ላይ ያለው 27,000 ገደማ ነው። ጋዜጣው ይህን አትሞ እንኳ ፖንዚ አልተደናገጠም። ደጁ ለተሰለፈው ቡናና ጣፋጭ ዳቦ አደለ፤ የጠየቀውን እየሣቀ ከፈለ፤ ይህን ያየ ብዙ ሰው ሳይወስድ ቤቱ ተመለሰ። በኦገስት ታሰረ። የቀሩት ዓመታት ተመላልሰው ከአንድ ዶላር 37 ሳንቲም ገደማ ደረሳቸው። ትርፍ ሲባል የነበረው ከኋላ የመጣው ሰው ገንዘብ ነበር፤ ኩፖን የሚባል ንግድ ከነጭራሹ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሌሊት ሥራ ላይ ሁሉም ሲተኙልኝ እኔም ካልኩሌተር አውጥቼ እንደ ባሮን ሞከርሁ። እንደው ለምሳሌ 1,000 ብር በየወሩ እጥፍ ቢሆን ብዬ። በዓመቱ 4,096,000 ብር ይሆናል። ተሳሳትሁ ብዬ ደግሜ መታሁት፤ ያው ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ከ16 ቢሊዮን ብር ያልፋል። ከአንድ ሺህ ብር ተነስቶ! ይህን ማን ነው የሚከፍለው? እማማ ሱቅ ድረስ ሄዳ ብትጠይቅ ባለሱቁ ይነግራታል።

ፖንዚ ግን አልታረመም። በዋስ ሳለ ፍሎሪዳ ወርዶ ረግረግ መሬት ሸጠ። ያኔ ፍሎሪዳ አብዳ ነበር። ሰው መሬቱን ሳያየው ቀብድ ይከፍልና የቀብዱን ደረሰኝ ለሌላው ያሻግራል፤ ያም ለሌላው። ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን እንኳ ተከፍሎት ማያሚ አጠገብ የአንድ ኩባንያ መሬት ያስተዋውቅ ነበር። በሴፕቴምበር 1926 አውሎ ነፋስ ማያሚን መታ፤ ገበያው ቀድሞም ተንፍሶ ነበር።

ከዚያ አክሲዮኑ መጣ። 10 ዶላር ከኪስህ፣ 90 ዶላር ከደላላው ተበድረህ የ100 ዶላር አክሲዮን ትገዛለህ። 10 በመቶ ከወጣ ገንዘብህ እጥፍ ሆነ፤ 10 በመቶ ከወረደ ባዶ እጅህን ቀረህ። የዴሞክራቶች ፓርቲ ሊቀመንበር ጆን ራስኮብ በኦገስት 1929 በአንድ የሴቶች መጽሔት፣ በወር 15 ዶላር አክሲዮን ላይ ያዋለ ሰው በ20 ዓመት 80,000 ዶላር ይኖረዋል አለ። ያ ሰው ከኪሱ የሚያወጣው እኮ በጠቅላላው 3,600 ዶላር ነው። የዬል ፕሮፌሰር የነበረው ኧርቪንግ ፊሸር ደግሞ በኦክቶበር፣ ዋጋው ከእንግዲህ የማይወርድበት ከፍታ ላይ ደርሷል የሚል ቃል ሰጠ፤ የራሱን ሀብትም እዚያው አጣ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ 381 የነበረው ዳው ጆንስ የሚባለው የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በኦክቶበር መጨረሻ ተንኮታኮተ፤ በጁላይ 1932 41 ላይ ደረሰ። ከ120 ሚሊዮን ሕዝብ አክሲዮን የሚጫወተው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከሥራው የተባረረው፣ ባንኩ የተዘጋበት ግን ያልተጫወተው ጭምር ነው።

ጽሑፌ ጥሩ ውጤት አገኘ። እርስዎ ቢያርሙት ኖሮ ግን ዓመተ ምሕረቱን ወደ እኛ አልመለስሽም ብለው ነጥብ ይቀንሱብኝ ነበር። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አቁም። አባባ «ቀጥል» ቢልህ «አለቀ» በለው።

የምትለኝን አውቀዋለሁ። «አንቺ አሜሪካ ተቀምጠሽ ምን ታውቂያለሽ፣ እዚህ ኑሮው እሳት ሆኗል» ትለኛለህ። እውነትህን ነው። ዲግሪህን አንጠልጥለህ ስንት በር እንዳንኳኳህ፣ የሰው ባጃጅ ስትነዳ ያስተማርኸው ልጅ ተሳፍሮ አንገትህን እንደደፋህ ሚሚ ነግራኛለች። አልቅሻለሁ። ፈጥነህ ሰው መሆን ብትፈልግ አልፈርድም። ደግሞም ያንን ብር ለጭፈራ አላዋልከውም፤ እጥፍ አድርገህ ለአባባ ዓይንም ለሠርጉም ልታደርሰው እንደነበር ልቤ ያውቃል። እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። የአባባ ዓይን እጥፍ እስኪሆን አይጠብቅም።

ስለ እኔ አታስብ። ሥራዬ ቀላል ነው፤ አረጋውያንን ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ ነው፤ ወገቤ ትንሽ ነው የሚያመኝ። አንዷ አሮጊት በየሌሊቱ በልጇ ስም ትጠራኛለች፤ «አቤት» እላታለሁ። የእማማን እግር ሳላጥብ የሰው እናት አጥባለሁ ብዬ ብጀምር ይህ ወረቀት አይበቃኝም፤ ስለዚህ ልተወው።

ዋናው ነገር ይህ ነው። የሙሽራውን ታናሽ ወንድም አስገብተሃል አሉኝ፤ ሰው ባስገባህ ቁጥር ኮሚሽን እንዳለህም ሰማሁ። የራስህ ገንዘብ ቢቀር ይቅር። ሚሚ ገና ደጃቸውን ሳትረግጥ «ወንድምሽ በላን» ብትባል ግን አንገቷን ደፍታ ነው የምትኖረው። እኔ ሠርጓ ላይ የለሁም። ወረቀቴ አላለቀም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። እሷን በልጅነቷ ያዘልኋት እኔ፣ ስትዳር በስልክ መስኮት ነው የማያት። ቢያንስ አንተ ቀና ብለህ አጠገቧ ቁምላት። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው እንዳታስገባ። ማውጣት የሚፈቅዱልህ ከሆነ ትርፍ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ አውጣ። «አስቀምጠው፣ ይበልጥልሃል» ካሉህ የቡናና የዳቦውን ነገር አስታውስ።

ለአባባ ቀዶ ጥገና እንደገና ልኬያለሁ፤ እቁቤ ወጥቶልኝ ነው። የላክሁት በአንተ ስም አይደለም፣ በእትዬ ስም ነው። አትቀየመኝ። ለእሷ «ወንድሜ ሥራ ስለሚበዛበት ነው» ብያታለሁ። ሐኪም ቤት ይዘኸው የምትሄደው ግን አንተ ነህ፤ ከአንተ ክንድ በቀር የማንንም አይይዝም። ቀኑ ከሠርጉ በፊት ይሁን፣ ልጁን ሲድር ፊቷን ይያት። የሚሰጡትን ጠብታ በሰዓቱ አድርግለት፤ እማማ ትረሳለች።

አሁን ያስገባሃቸውን ሰዎች ስምና የእያንዳንዳቸውን ብር በዝርዝር ጽፈህ ላክልኝ፤ አንድም እንዳትደብቅ። የሙሽራውን ወንድም ገንዘብ ሚሚ ሳትሰማ አንተና እኔ ተከፋፍለን ቀስ በቀስ እንመልስለታለን፤ ሌሎቹን አይተን እንነጋገራለን። ደብዳቤውን ያመጣችልህ ልጅ የምትመለሰው ጥር መጨረሻ ነው፤ ዝርዝሩን ግን እሷን ሳትጠብቅ በቴሌግራም በዚህ ሳምንት ላክልኝ። የአባባን መልስ በእሷ እጅ ብትሰድልኝ ይበቃል።

እህትህ